ስህተት ያዋለዳቸው ቃላት፦ የእንግሊዝኛ የቃል ፈጠራና የተዳቀሉ ፈሊጦች ሲፈተሹ

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አንድ ሥራ ቀላል ነው ለማለት ሲፈልጉ «የሮኬት ሳይንስ አይደለም» ይላሉ፤ «የአንጎል ቀዶ ጥገና አይደለም» የሚሉም አሉ። ሁለቱ አንድ አፍ ላይ ሲገናኙ «የሮኬት ቀዶ ጥገና አይደለም» የሚል ሦስተኛ አባባል ይወጣል። ሮኬት በቀዶ ጥገና ያከመ ሐኪም የለም፤ ሰሚው ግን ሐሳቡን ለመያዝ ለአፍታም አይቸገርም። ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የተባለው ነገር ስህተት ከሆነ እንዴት እንዲህ ያለምንም እንከን አግባባ? ትክክል ከሆነስ ለምን ያስቃል?

የተፈጠሩ፣ የተዛቡና የተዳቀሉ አባባሎች በእንግሊዝኛው ዓለም ከ300 ዓመት በላይ ሲያከራክሩ ኖረዋል። ክርክሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ግን ተከራካሪዎቹ የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም መጥራታቸው ነው። ስለዚህ ከስሞቹ መጀመር ይሻላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመድረክ የተነሣው ስም

ሪቻርድ ብሪንስሊ ሸሪዳን «ዘ ራይቫልስ» የተባለውን ኮሜዲ ለንደን ላይ ለመድረክ ያበቃው በ1775 ነው። ከገጸ ባሕርያቱ አንዷ ሚስስ ማላፕሮፕ ትባላለች፤ ስሟም «ያለ ቦታው» የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ሐረግ የተወሰደ ነው። ሴትዮዋ ከባድ ከባድ ቃላት ትወዳለች፤ ነገር ግን የፈለገችውን ቃል ትስትና በድምፅ የሚቀርበውን ሌላ ታስገባለች። «አሊጌተር» የሚባለውን የአዞ ዓይነት ልትጠራ ፈልጋ «አሌጎሪ» ትላለች፤ ይህ ደግሞ ተምሳሌታዊ ትረካ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው ስህተት ማላፕሮፒዝም ተባለ። ነገሩ ግን ከእሷ ይቀድማል። ሼክስፒር በ16ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ በጻፈው «ማች አዱ አባውት ናቲንግ» ውስጥ ዶግቤሪ የተባለው የዘበኞች አለቃ ተመልካቹን የሚያስቀው በዚሁ መንገድ ነው።

አንዷ ለሴት የዩኒቨርሲቲ በር ባልተከፈተበት ዘመን የኖረች፣ ሌላው የከተማ ዘበኛ ናቸው። ሳቁ ያነጣጠረው በቃሉ ላይ ብቻ አይደለም፤ የእነሱ አይደለም የተባለውን ቃል በደፈሩ ሰዎች ላይም ነው። ይህ የመደብ ጥላ እስከ ዛሬ ከጉዳዩ አልተለየም።

ዝርያዎቹና የሚለያዩበት መስመር

ከማላፕሮፒዝም ቀጥለው የመጡት ስሞች እያንዳንዳቸው ሌላ ዓይነት መንሸራተትን ይሰይማሉ። ስፑነሪዝም የሁለት ቃላት መነሻ ድምፆች ቦታ መለዋወጥ ነው፤ ስሙን ያገኘው በኦክስፎርድ የኒው ኮሌጅ ኃላፊ ከነበሩት ከዊልያም አርቺባልድ ስፑነር ነው። በእሳቸው ስም ከሚነገሩት አብዛኞቹ ሌሎች ሰዎች ፈጥረው የለጠፉባቸው ናቸው። ማላፎር ደግሞ የፈሊጥ ድቅል ነው፤ ቃሉን ሎውረንስ ሃሪሰን በ1976 «ዋሽንግተን ፖስት» ላይ ባወጣው ጽሑፍ አስተዋወቀው። እንግሊዝኛ «ድልድዩ ጋ ስንደርስ እንሻገረዋለን» ይላል፤ የነገን ጣጣ ነገ እናየዋለን እንደማለት ነው። «ድልድይ ማቃጠል» ደግሞ መመለሻን ማጥፋት ነው። ሲዳቀሉ «ድልድዩ ጋ ስንደርስ እናቃጥለዋለን» ይሆናል።

ሞንደግሪን የጆሮ ስህተት ነው። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሲልቪያ ራይት በ1954 «ሃርፐርስ» መጽሔት ላይ እንደተረከችው፣ በልጅነቷ እናቷ አንድ የቆየ የስኮትላንድ የትረካ ግጥም ታነብላት ነበር። ግጥሙ የተገደለውን መስፍን ሣር ላይ እንዳጋደሙት ይናገራል። ሕፃኗ ግን «ሣር ላይ አጋድመውታል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ሐረግ «ሌዲ ሞንደግሪን» ብላ ሰማችው፤ ከመስፍኑ ጋር አብራ የሞተች እመቤት መኖሯን አመነች፤ አዘነችላትም። ራይት የምትከራከረው የሰማችው ከተጻፈው ይበልጥ እንደነበር ነው። የሰምና ወርቅ ጆሮ ላለው የአማርኛ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ኅብረ ቃልን የሚፈታ ሰው ያንኑ ድምፅ ሌላ ቦታ ላይ ሰንጥቆ ሌላ ትርጉም ያወጣል። ልዩነቱ ቅኔ ላይ ሁለተኛውን ትርጉም ባለቅኔው አስቦ ማስቀመጡ ነው፤ ሞንደግሪን ላይ ግን ያስቀመጠ የለም፤ ሰሚው ራሱ ነው የሚሠራው።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል ክርክሩን የለወጠው ልዩነት በ1979 የተጻፈ ነው። የቋንቋ ሊቁ አርኖልድ ዝዊኪ ሁለት የተምታቱ ነገሮችን ለየ። አንደኛው የአፍ መንሸራተት ነው፤ ተናጋሪው ትክክለኛውን ቃል ያውቃል፤ ቢነግሩት ወዲያው ያርማል። ሁለተኛው የእምነት ስህተት ነው፤ ተናጋሪው ቃሉ ያ መሆኑን አምኖ ነው የሚናገረው፤ ቢያርሙትም ይገረማል እንጂ አያፍርም። የመጀመሪያው ስለ ንግግር አፈጣጠር ይነግረናል፤ ሁለተኛው ስለ ቃል አማማር። አንዱን በሌላው ማስረጃ መዳኘት አይቻልም፤ ብዙ ጽሑፎች የሚስቱትም እዚህ ላይ ነው።

የአንድ ፍሬ ታሪክ

የእምነት ስህተት እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከአንድ ፍሬ ስም የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ኦክ የሚባለው ዛፍ ፍሬ በእንግሊዝኛ «ኤከርን» ይባላል። በ2003 የቋንቋ ሊቁ ማርክ ሊበርማን ይህንን ፍሬ «ኤግ ኮርን» ብላ ስለጻፈች ሴት ጻፈ። «ኤግ» እንቁላል ነው፤ «ኮርን» እህል። ባልደረባው ጄፍሪ ፑለም እንዲህ ያሉት ስህተቶች ሁሉ በዚሁ ስም ይጠሩ አለ፤ ኤግኮርን የሚለው ቃል እንዲህ ተወለደ፤ በ2010 የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት፣ በ2015 ደግሞ ሜሪየም-ዌብስተር ተቀበሉት።

ፍሬውን አንሥቶ ላየው ሰው ስህተቱ ያሳምናል። ሞላላ ነው፤ ግርጌው ላይ ኩባያ የመሰለ ቆብ አለው፤ እንቁላል በማስቀመጫው ላይ የተሰየመ ይመስላል። ደግሞም ዘር ነው፤ ስለዚህ «እህል» መባሉ አይከፋም። ሴትዮዋ ሰምታ የማታውቀውን ነገር ፈጥራ አልጻፈችም፤ የሰማችውን ድምፅ በምታውቃቸው ቃላት አስረዳችው።

የሚያስገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። «ኤከርን» ራሱ የድሮ ስህተት ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቃሉ «ኤቸርን» ነበር፤ ከእህልም ከኦክም ጋር በዘር አይገናኝም፤ የሚዛመደው የእርሻ መሬት ከሚለው ቃል ጋር ነው። ተናጋሪዎች ትርጉሙ ሲጠፋባቸው የቃሉን መነሻ ወደ «ኦክ»፣ መድረሻውን ወደ «ኮርን» አስጠግተው አሁን ያለውን ቅርጽ ሰጡት። እንግዲህ የ2003ቷ ጸሐፊ የፈጸመችው «ጥፋት» ቀድሞ ትክክለኛውን ቃል የሠራው ጥፋት ነው፤ የሚለያዩት በመቶ ዓመታት ብቻ ነው።

ጀርመናዊው ኤርንስት ፎርስተማን በ1852 ለዚህ ሂደት የሕዝብ ሥርወ ቃል የሚል ስም ሰጥቶት ነበር። ማስረጃው ብዙ ነው። ሙሽራው በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ብሪድጉማ» ይባል ነበር፤ «ጉማ» ሰው ማለት ነው። «ጉማ» ከአገልግሎት ሲወጣ ሕዝቡ ወጣት አሽከር ማለት በነበረው «ግሩም» በሚለው ቃል ተካው፤ ይህ ቃል በኋላ የፈረስ አሽከር መጠሪያ ሆኗል። የእንግሊዝኛው ሽርጥ «ናፕረን» ነበር፤ ከፊቱ የሚገባውን መስተአምር ተከትሎ መነሻው «ን» ወደ ኋላ ተሳበና «ኤፕረን» ሆነ። ዛሬ «ናፕረን» የሚል ሰው ቢኖር የሚታረመው እሱ ነው።

ሊበርማንና ባልደረቦቹ ኤግኮርንን ከሕዝብ ሥርወ ቃል የሚለዩት ኤግኮርን የግለሰቦች፣ የሕዝብ ሥርወ ቃል ደግሞ የመላው ማኅበረሰብ ነው በሚል ነው። ድንበሩ ግን የት ላይ ነው? ስንት ሰው ሲሳሳት ነው ስህተቱ ቃል የሚሆነው? ለዚህ ቁጥር ያቀረበ ሰው የለም።

ሆን ተብለው የተሠሩት

ከስህተቱ ጎን ለጎን አስበው ቃል የፈጠሩ ሰዎች አሉ። ሉዊስ ካሮል በ1871 ባሳተመው የአሊስ ሁለተኛ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ቃል አጥፎ አንድ ማድረግን ሁለት ክፍል ኖሮት በመሐል ከሚታጠፍ ሻንጣ ጋር አመሳሰለው፤ ፖርትማንቶ የሚለው ስም ከዚያ መጣ። ቁርስንና ምሳን ያጋባው «ብራንች» በ1895፣ ጭስንና ጭጋግን ያጋባው «ስሞግ» በ1905 ታዩ። ጄሌት በርጀስ በ1907 በመጽሐፍ ሽፋን ላይ የሚታተመውን የሙገሳ ቃል «ብለርብ» አለው፤ ያዘለት። በ1914 ግን በራሱ የተፈጠሩ ቃላትን የያዘ ሙሉ መዝገበ ቃላት ሲያሳትም አብዛኞቹ ከገጹ ሳይወጡ ቀሩ። በአሜሪካ መጠጥ በሕግ ተከልክሎ በነበረበት ዘመን አንድ የማሳቹሴትስ ሰው ሕጉን ጥሶ ለሚጠጣ ሰው ስም ላወጣ 200 ዶላር እሸልማለሁ አለ፤ ከ25,000 በላይ ጥቆማ ደረሰው፤ በ1924 «ስኮፍሎው» አሸነፈ። ክልከላው ቀረ፤ ቃሉ ግን የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ለማይከፍሉ ሰዎች ተርፎ እስካሁን አለ።

አለን ሜትካፍ በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ የትኛው አዲስ ቃል እንደሚቆይ የሚያመለክቱ አምስት መመዘኛዎችን አቀረበ፤ የአጠቃቀም ብዛት፣ ትኩረት አለመሳብ፣ የተጠቃሚዎች ስብጥር፣ ሌላ ቃል የመውለድ አቅምና የሚሰይመው ነገር ዘላቂነት። ከአምስቱ ከፍተኛ ክብደት የሚገባው ሁለተኛው ይመስለኛል። የሚቆየው ቃል አዲስ የማይመስለው ነው። ብልሃተኛ ፈጠራ ራሱን ያሳያል፤ ሰው ስቆ ያልፈዋል። ስህተት ግን አዲስነቱን ተናጋሪው ራሱ አያውቀውም፤ ድሮም የነበረ ቃል መስሎት ነው የሚናገረው፤ ሰሚውም እንዲሁ። የእንግሊዝኛ ትልቁ ቃል ፈጣሪ ስህተት ነው ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

መዝገበ ቃላት በራሱ ቃል መፍጠር አለመቻሉም ለዚሁ ይመሰክራል። በ1931 የዌብስተር መዝገበ ቃላት የኬሚስትሪ አዘጋጅ «ዲ» የሚለው ፊደል፣ ትልቁም ትንሹም፣ የእፍጋት አህጽሮት መሆኑን በአንዲት ወረቀት ጽፎ ላከ። በእንግሊዝኛ «ዲ ወይም ዲ» የሚለው አንድ ላይ ተነበበና «ዶርድ» የሚል ቃል ሆነ፤ አነባበብ ተሰጠው፤ በ1934 ታተመ። ስህተቱ የተደረሰበት በ1939 ነው። አምስት ዓመት ሙሉ በታላቅ መዝገብ ላይ ተቀምጦ አንድም ሰው አፍ ላይ አልገባም። በአንጻሩ «ኢሬጋርድለስ» የሚለው ቃል፣ ማለትም ሁለት ጊዜ «ያለ» የተባለበት «ያለ ግምት»፣ ማንም ሳይፈቅድለት ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በሰው አፍ አለ። ሜሪየም-ዌብስተር ቃሉን በ1934 የመዘገበው ቢሆንም፣ በ2020 ይህ እንደ አዲስ ተሰምቶ ብዙዎችን አስቆጥቷል።

አእምሮ ውስጥ ምን ይሆናል?

ከ1970ዎቹ ጀምሮ የስህተት ጥናት ወደ ቤተ ሙከራ ገባ። ዴቪድ ፌይና አን ከትለር በ1977 ባወጡት ጥናት የአፍ መንሸራተት የሆኑ ማላፕሮፒዝሞችን መረመሩ። የተባለው ቃል ከታሰበው ጋር በትርጉም አይገናኝም፤ በሰዋስው ክፍሉ ግን ሁልጊዜ ሊባል በሚችል ደረጃ አንድ ነው፤ ስም በስም፣ ግስ በግስ ይተካል። የቀለም ብዛቱና ድምፁ የሚበረታበት ቦታም አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማል። ከዚህ ተነሥተው አእምሮ ቃላትን በትርጉም ብቻ ሳይሆን በድምፅ ጉርብትናም እንደሚያከማች ተከራከሩ።

የተዳቀሉ ፈሊጦች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ለመፍታት አገለገሉ። አንድ ወገን ፈሊጥ እንደ ረጅም ቃል ነው ይላል፤ ሳይበተን ተከማችቶ ሳይበተን ይወጣል። ሌላው ወገን ቃላቱ ሥራቸውን አላቆሙም ይላል። በ1994 ጄፍሪ ነንበርግ፣ አይቫን ሳግና ቶማስ ዋሶው ፈሊጥን ለሁለት ከፈሉ። «ባቄላ መድፋት» በእንግሊዝኛ ምሥጢር ማውጣት ነው፤ መድፋቱ ማውጣትን፣ ባቄላው ምሥጢርን ይተካል፤ ትርጉሙ ለቃላቱ ይከፋፈላል። «ባልዲውን በእግር መምታት» ግን መሞት ነው፤ ባልዲው ምንን እንደሚተካ መናገር አይቻልም።

ኩፐር ከቲንግና ካትሪን ቦክ በ1997 ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ተሳታፊዎቹ ሁለት ፈሊጦችን ለአጭር ጊዜ ያያሉ፤ ጥቂት ቆይቶ አንዱን እንዲናገሩ ይታዘዛሉ። በሩጫው መካከል ድቅሎች ይወጣሉ። የሰዋስው አደራደራቸው ተመሳሳይ የሆኑ ፈሊጦች ይበልጥ ተደበላለቁ። የቃላቱ ቀጥተኛ ትርጉምም በንግግሩ ጊዜ ንቁ እንደነበር ታየ። ትርጉሙ ለቃላት የሚከፋፈለውና የማይከፋፈለው ፈሊጥ ግን በዚህ ረገድ አልተለያዩም። ፈሊጥ አንድ ወጥ ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ተሰብሮ ከሌላ ስብርባሪ ጋር ሊገጥም አይችልም ነበር፤ ድቅሉ መገጣጠሚያው የት እንዳለ አሳየን። ያልተፈታ ነገር ግን አለ፤ ይህ የሚሠራው ለአፍ መንሸራተት ነው፤ ድቅሉን ትክክል ነው ብሎ ለተማረው ሰው ይሠራ እንደሆነ ይህ ሙከራ አይነግረንም።

ጠባቂዎችና መዝጋቢዎች

ጆናታን ስዊፍት በ1712 እንግሊዝኛን የሚያርምና የሚያጸና አካል እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረበ። ከሚጠላቸው ቃላት አንዱ «ሞብ» ነበር፤ ከላቲን ሐረግ ተቆርጦ የቀረና ሁከተኛ ሕዝብን የሚሰይም ቃል። ዛሬ «ሞብ» የተጣራ እንግሊዝኛ ነው። ሳሙኤል ጆንሰንም ሥራውን ሲጀምር ቋንቋውን ለማጽናት ተስፋ አድርጎ ነበር፤ በ1755 መዝገበ ቃላቱን ሲያወጣ ግን ተስፋው ከንቱ እንደነበር በመቅድሙ አመነ። ሪቻርድ ትሬንች በ1857 ከዚህ አልፎ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የታሪክ ጸሐፊ እንጂ ፈራጅ አይደለም አለ፤ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በዚህ መርህ ተሠራ። በ1961 ሦስተኛው የዌብስተር ዓለም አቀፍ መዝገበ ቃላት በዚያው መንፈስ ሲወጣ ጋዜጦች ቋንቋውን ለጥፋት አሳልፎ ሰጠ ብለው ዘመቱበት።

ታሪኩ ለመዝጋቢዎቹ የሚያደላ ቢመስልም የጠባቂዎቹ ስጋት መሠረት አለው። በድምፅ የሚጎራበቱ ቃላት መምታታት ሕይወት የሚያስከፍልበት ቦታ አለ። «ሃይድሮክሲዚን» የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ «ሃይድራላዚን» የደም ግፊት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2001 እንዲህ ያሉ ስሞች የሚለያዩበት ክፍል በትልልቅ ፊደላት እንዲጻፍ ማድረግ ጀመረ። ፌይና ከትለር ያገኙት ሕግ እዚህ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ይሠራል። «ሁሉም ስህተት ፈጠራ ነው» የሚል አቋም ለዚህ መልስ የለውም። መለየት ያለበት ሰሚው ከአውዱ አንሥቶ ሊያቃናው የሚችለው ስህተትና የማይችለው ስህተት ነው።

ማቃናቱ ራሱ የፍልስፍና ጥያቄ ሆኗል። ዶናልድ ዴቪድሰን በ1986 በታተመ ድርሰቱ ከማላፕሮፒዝም ተነሥቶ ከባድ ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ሰሚው ያልተማረውን፣ በየትኛውም ሕግ ያልተጻፈውን ንግግር በዚያችው ቅጽበት መረዳት ከቻለ፣ ለመግባባት አስቀድሞ የጋራ ሕግ መኖሩ ግዴታ አይደለም፤ ፈላስፎችና የቋንቋ ምሁራን እንደሚያስቡት ያለ «ቋንቋ» የሚባል ነገርም የለም። ማይክል ደሜት መለሰለት፤ ቋንቋ ማኅበራዊ ልማድ ነው፤ ልማዱ ባይኖር ሰሚው ምኑ እንደተዛባ በምን ያውቃል? እኔን የሚያሳምነኝ ደሜት ነው። «የሮኬት ቀዶ ጥገና» የሚገባን ሁለቱን እናት ፈሊጦች ቀድመን ስለምናውቅ ነው፤ አንዱንም ለማያውቅ ሰው ድቅሉ ዝም ብሎ ጫጫታ ነው።

የማን ስህተት?

ዋረን ሃርዲንግ በ1920 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር «ኖርማልሲ» የሚል ቃል ተጠቅሞ፣ የሌለ ቃል ፈጠረ ተብሎ ተወቀሰ፤ ቃሉ ግን ቢያንስ ከ1857 ጀምሮ ነበረ። ጆርጅ ቡሽ በ2000 «አሳንሶ መገመት» በሚለው ቃል ላይ «በስህተት» የሚል መነሻ ጨምሮ «ሚስአንደርኤስቲሜት» ሲል ቃሉ መሳለቂያ ሆነ። ካሮልና በርጀስ ግን ቃል ሲፈጥሩ ተደነቁ። ልዩነቱ ቃሉ ውስጥ የለም፤ ተናጋሪው አውቆ አደረገው ወይስ ሳያውቅ በሚለው ላይ ነው፤ አውቆ ነው የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ የተማረው ነው።

ነገሩ ይበልጥ የሚከርረው እንግሊዝኛ ከትውልድ አገሩ ሲወጣ ነው። የሕንድ ተናጋሪዎች ቀጠሮን ወደ ኋላ ማስተላለፍ «ፖስትፖን» ከሆነ ወደ ፊት ማምጣት «ፕሪፖን» ነው አሉ። ቃሉ በሥርዓት የተሠራ ነው፤ ቀዳዳ ይሞላል፤ ብዙ ሕዝብ ይናገረዋል። ያም ሆኖ ለረጅም ጊዜ የተማሪ ስህተት ተደርጎ ተቆጥሯል። ናይጄሪያዊው የቋንቋ ሊቅ አዮ ባምግቦሼ በ1998 ፈጠራን ከስህተት ለመለየት አምስት ነገሮች ይታዩ አለ፤ ስንት ሰው ይጠቀመዋል፣ ምን ያህል ተሰራጭቷል፣ የሚጠቀሙት እነማን ናቸው፣ መዝገብ ውስጥ ገብቷል ወይ፣ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ምን አመለካከት አላቸው። ከሁሉ ወሳኞቹ ብሎ የለያቸው መመዝገቡንና ተቀባይነቱን ነው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ መዝገቡ ያለው በአንድ ወገን እጅ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የሚከታተለው ኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህ ክርክር በቀጥታ ይመለከተዋል፤ በማመሳሰል የሠራው ቃል በቀይ እስክሪብቶ ሲሰረዝ የተሰረዘው አለማወቁ ነው ወይስ የትውልድ ቦታው?

ዛብና ዙፋን

አሁን ዓይናችን እያየ በመለወጥ ላይ ያለ አንድ ፈሊጥ አለ። ለአንድ ሰው ሙሉ ነፃነት መስጠትን እንግሊዝኛ «ፍሪ ሬይን» መስጠት ይላል። «ሬይን» ዛብ ነው፤ ከልጓሙ ጋር ተያይዞ በፈረሰኛው እጅ የሚገባው ጠፍር። ዛቡ የላላለት ፈረስ መንገዱን ራሱ ይመርጣል። ነገር ግን አብዛኛው የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ዛብ ጨብጦ አያውቅም። «ሬይን» የሚባል ሌላ ቃል ደግሞ አለ፤ አጻጻፉ የተለየ፣ ድምፁ አንድ የሆነ፣ ትርጉሙም ንግሥና የሆነ። ብዙ ሰው አሁን የሚጽፈው ይህንን ሁለተኛውን ነው፤ ገደብ የሌለው ነፃነት የንጉሥ እንጂ የፈረስ አይመስለውም።

መዝገበ ቃላት ሁለተኛውን አጻጻፍ እስካሁን ስህተት ይሉታል፤ የጋዜጣ አራሚዎችም ያርሙታል። በንግግር ግን የሚታረም ነገር የለም። ሁለት ሰዎች ያንኑ ቃል በአንድ ድምፅ ይባባላሉ፤ ይግባባሉም፤ አንዱ የሚታየው የላላ ዛብ ነው፣ ሌላው የሚታየው ዙፋን። መጻፍ እስኪጀምሩ ድረስ ከሁለቱ ማን እንደተሳሳተ ለማወቅ መንገድ የለም።